መስጂዱን ቀጥ አድርጎ የሚያይ ካሜራ

ኑርሀያት አብዱልሃሚድ ከዐረብ አገር፣ ከሻርጃ ስትመለስ እኛ ጎረቤቶቿ ሁሉ የጠበቅነው ወይ ቤት ትሠራለች ወይ ባጃጅ ትገዛለች ብለን ነበር። እሷ ግን ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ፎቶ ቤት ከፈተች። ለፓስፖርትና ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፤ የሰርግ ሰሞን ሰርግ ትሄዳለች፤ ኢድ ሲደርስ ልጆቻቸውን አልብሰው የሚመጡ እናቶች በሯን ይሞሉታል። እንጀራዋ ይኸው ነው። ልቧ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ኑርሀያት ማንሳት የምትወደው ቤት ነው። ግንብ፣ የበር መቃን፣ የድንጋይ ካብ፣ ዘመን ያጠቆረው የጣሪያ እንጨት።

ይህን ፍቅር ያመጣችው ከሻርጃ ነው። የሄደችው እንደ ብዙዎቹ የአገሯ ልጆች ለቤት ሥራ ነበር። የገባችበት ቤት እመቤት ሂንድ የምትባል ሊባኖሳዊት ናት፤ ሥራዋ ለመሐንዲሶችና ለሆቴሎች ሕንፃ ፎቶ ማንሳት። ሂንድን ወገቧን ያማታል፤ የካሜራውን መቆሚያና ሳጥን የሚሸከምላት ሰው ትፈልጋለች። ኑርሀያትም ቤት ውስጥ ተዘግቶ ወለል ከመወልወል አብሮ መውጣቱን መረጠች።

መጀመሪያ አብራት የወጣች ቀን ሂንድ ከሳጥኑ ያወጣችው ካሜራ ኑርሀያት እስከዚያ ድረስ ያየችውን ካሜራ አይመስልም ነበር። ከፊት ሌንሱ አለ፤ ከኋላ ምስሉን የሚቀበለው አለ፤ መሃላቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ጥቁር ቆዳ ነው። ፊተኛውና ኋለኛው ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሂንድ ካሜራውን ወደ ሰማይ ሳታንጋጥጥ ሌንሱን ብቻ ሽቅብ አንሸራተተችው። የፎቁ አናት ቀስ እያለ ወደ ምስሉ ገባ፤ ግድግዳው ግን ወደ ኋላም ወደ ጎንም ሳያዘነብል እንደቆመ ቀረ። ኑርሀያት ያን ቀን ማታ ሳህን እያጠበችም የምታስበው ያንን ነበር። በዓይኗ የምታየውን ቤት፣ እንዳየችው ቀጥ አድርጎ የሚያስቀር ነገር በዓለም ላይ እንዳለ አላወቀችም ነበር።

ከሂንድ ጋር ዓመታት ሠራች። መሸከም ጀምራ፣ ማቆም ለመደች፤ ማቆም ለምዳ፣ ማስተካከል ቻለች። በኋላ ሂንድ ሥራዋን ዘግታ ወደ ቤይሩት ስትሄድ ኑርሀያትም ወደ ሐይቅ ተመለሰች። ያመጣችው አንዲት ጥሩ ዲጂታል ካሜራና ወደፊት ለባጃጅ ይሆናል ያለችውን ጥሪቷን ነው።

ፎቶ ቤቱ ሁለተኛ ዓመቱን እንደያዘ፣ አንድ ቀን ከዝሁር ሰላት በኋላ ሼህ ሙዘይን መጡ። ሼህ ሙዘይን የዋንዛ በር መስጂድ ኢማም ናቸው። ዋንዛ በር አምባሰል ተራራ ወገብ ላይ ያለች መንደር ናት፤ መኪና እስከሚደርስበት ተሂዶ ቀሪው በእግር ነው። የኑርሀያት አባት አብዱልሃሚድ ሐይቅ ወርደው የእህል ንግድ ከመጀመራቸው በፊት ተወልደው ያደጉት፣ ቁርአን የቀሩትም እዚያው ነው።

ሼሁ ሰላምታውን አደራርሰው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። መስጂዱ ለጀማዓው ጠቦታል። የጎን ግድግዳዎቹም ሆዳቸውን ነፍተዋል፤ አንድ ክረምት እንኳ መቆማቸው ያጠራጥራል። ዐረብ አገር ያሉት የመንደሩ ልጆች ተባብረው ለአዲስ መስጂድ አዋጥተዋል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አሮጌው ይፈርስና በቦታው አዲሱ ይሠራል። በዚህ የተከፋ የለም። ብቻ ሳይፈርስ በፊት አንድ ደህና ፎቶ እንዲቀር ይፈልጋሉ።

«ልጆቹ የላኩት ለአዲሱ ነው፤ ያደጉት ግን በአሮጌው ነው» አሉ ሼሁ። «ሲመጡ አያገኙትም። ቢያንስ እንደነበረ ይዩት።»

ኑርሀያት በሳምንቱ ወጣች። መስጂዱን በልጅነቷ ታውቀዋለች፤ እንደ ፎቶ አንሺ ስታየው ግን አዲስ ሆነባት። ድንጋዩ በእንጨት እየተቀነበበ የተካበ ነው። በሩ ዋንዛ ነው፣ ዙሪያውን ተቀርጿል። ከበሩ በላይ ሁለት ጠባብ መስኮቶች፣ ከእነሱ በላይ አጭር ሚናራ። ችግሩ ቦታው ነው። ከበሩ ፊት ያለው ግቢ ጠባብ ሆኖ ጫፉ ገደል ነው። ወደ ኋላ ልሂድ ቢሉ መሄጃ የለም። ከገደሉ አፋፍ ቆማ ሚናራውን ለማስገባት ካሜራዋን ሽቅብ ስታንጋጥጥ መስጂዱ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ ከታች ሰፍቶ ከላይ ጠበበ፤ ሚናራው ገደል የሚገባ መሰለ።

ፎቶ ቤት ተመልሳ በኮምፒውተር አቃናችው። መስመሮቹ ቀጥ አሉ፤ ግን ላይኛው ክፍል ተለጥጦ ደበዘዘ፣ የጣሪያው ጫፎችም በሁለቱም በኩል ተቆረጡ። ለሼህ ሙዘይን ስታሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ሊያስከፏት አልፈለጉም።

«ይኸ የኛ መስጂድ አይደለም፣ ልጄ» አሏት በመጨረሻ። «የሥጋ ዘመዱ ይመስላል እንጂ።»

ኑርሀያት ሳቀች፤ ሼሁም ሳቁ። ግን ነገሩ ከውስጧ አልወጣም። ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለችና። የሂንድ ዓይነት ካሜራ።

አባቷ ሲሰሙ ወዲያው አልተቆጡም። አብዱልሃሚድ አስበው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከአስር ሰላት መልስ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን አስጨርሰው ሰሙ። ባጃጁ እንደሚቀር ገባቸው።

«ባጃጅ ሲበላሽ ሐይቅ ሙሉ ጠጋኝ አለ» አሏት። «ይኸ ያልሽው ነገር ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

 ኑርሀያት አባቷ አትግዢ እንዳላሏት ልብ አለች። ያነሱት ጥያቄም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልትመርጥ ስትቀመጥ መጀመሪያ ያሰበችው እሱን ነበር።

ለሂንድ በድምፅ መልእክት ላከችላት። የካሜራ ስም እየጠራች፣ ይኸ ይሻላል ወይስ ያ አለቻት። የሂንድ መልስ በማግስቱ መጣ።

«ስሙን ተይውና ሥራውን ንገሪኝ። ምን ልታነሺበት ነው? በምን ልትወስጂው ነው? ከኋላውስ ምን ልታስገቢበት ነው? እነዚህን ሳትመልሺ የምትገዢው ካሜራ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው።»

ሦስቱም ጥያቄዎች ራስ ያዞሩ ነበር። የምታነሳው ወደ ኋላ ተሂዶ የማይነሳ ቤት ነው። የምትወስደው በጀርባዋ፣ በተራራ መንገድ ነው። ከኋላው የሚገባው ግን ከሁሉ የባሰ አሳሰባት። በድሮው ጊዜ ከወናፉ ኋላ የሚገባው ፊልም ነበር። ዛሬ ፊልም ቢገኝ እንኳ የሚያጥበው የለም። ለእንዲህ ያለው ካሜራ ተብሎ የሚሠራ ዲጂታል ጀርባ አለ፤ እሱን ለመግዛት ግን በባጃጁ ጥሪት ላይ ፎቶ ቤቱና የአባቷ የእህል መጋዘን ተሽጠው ቢጨመሩም አይበቃም። ያላት አማራጭ የራሷን ዲጂታል ካሜራ ሌንሱን አውልቃ እዚያ ማሰር ነው። ይህ ይቻላል። ግን የእሷ ካሜራ ምስል የሚቀበልበት ገጽ ትንሽ ነው፤ ሌንሱ ከሚያመጣው ሰፊ ምስል መሃሏን ብቻ ቆንጥሮ ነው የሚያየው። መስጂዱ ሙሉ ሊገባ ቀርቶ በሩ ቢገባ ነው።

ሂንድ ለዚህም መላ ነገረቻት። ሌንሱ ሳይነቃነቅ ኋላ የታሰረውን ካሜራ ብቻ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እያንሸራተቱ በቁራጭ ማንሳት፤ ከዚያ ቁራጮቹን ኮምፒውተር ላይ መስፋት። ሌንሱ ስላልተነቃነቀ ስፌቱ አይታይም። እንግዲህ የሚፈለገው ካሜራ ታወቀ፤ ቀላል፣ ሲጠብቅ የማይወላወል፣ ወናፉ ለስላሳ፣ ኋላውም የሚንሸራተት።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሐይቅም ደሴም አይገኝም። ሻርጃ ግን ታናሽ ወንድሟ ካሊድ ነበር፤ በሞተር ሳይክል ምግብ ያደርሳል። ደወለችለት። ካሊድ ስለ ካሜራ የሚያውቀው ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ቢሆንም እህቱን እምቢ አይልም። እሷ ኢንተርኔት ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችን እየፈለገች ትልክለታለች፤ እሱ በእረፍት ቀኑ ሄዶ በቪዲዮ እየደወለ ያሳያታል።

የመጀመሪያው ካሜራ የተዘጋ ስቱዲዮ ዕቃ ነበር። ኑርሀያት ስታየው ልቧ ዘለለ፤ ቁርጥ የሂንድ ካሜራ። በረጅም ሐዲድ ላይ የተሠራ፣ ግርማ ያለው። ካሊድ በሁለት እጁ ሊያነሳው ሞከረና መልሶ አስቀመጠው።

«ኑርዬ፣ ይኸን ዋንዛ በር የሚያወጣው በቅሎ ነው» አላት።

እሷ ግን በቀላሉ አልተወችውም። ተሸክሜም ቢሆን ብላ ነበር። ሻጩ ከኋላው ካሜራ እንዲያስርበት አስጠየቀችና ካሊድን ከሻጩ ጋር ተረዳድተህ ወደ ደጅ አውጣው፣ በጣም ሩቅ ያለውን ፎቅ አሳየኝ አለችው። ሩቅ ያለ ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ ሌንሱና የኋላው ካሜራ በደንብ መቀራረብ አለባቸው። ወናፉ ግን በእርጅና ደርቆ አልታጠፍ አለ። ቅርብ ያለው የመብራት ምሰሶ ጥርት አለ፤ ፎቁ ጭጋግ ለበሰ። ሻጩ ቀስ በቀስ ይለምዳል ቢልም ኑርሀያት ማመን አልቻለችም። ከልቧ እያዘነች ተወችው።

ሁለተኛው ከእንጨት የተሠራ ተጣጣፊ ነበር። ቀለሙ እንደ ማር፣ ማጠፊያዎቹ ነሐስ፣ ሲታጠፍ የቁርአን ማስቀመጫ ሳጥን የሚያክል። ካሊድ በፍቅር ወደቀ፤ ይኸን ውሰጂ፣ ለማየትም ደስ ይላል እያለ ለመናት። ኑርሀያት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ አስለጥፋ ፊደሉን እንዲያነጣጥር አደረገችው። ፊደሉ ጥርት አለ። ከዚያ ሌንሱ የቆመበትን ፍሬም በጣትህ ትንሽ ንካው አለችው። ነካው። የጋዜጣው አንዱ ጥግ ደበዘዘ። እንደገና አጥብቀው አለችው፤ አጠበቀው፤ ነካው፤ ደበዘዘ። ለትልቅ ፊልም ይህ ምንም አልነበረም። ለእሷ ትንሽ ዲጂታል ገጽ ግን ከፀጉር የቀጠነች መወላወል እንኳ ትታያለች፤ ቁራጮቹም ሲሰፉ አይገጥሙም። አይሆንም አለች።

«የምትመርጪው ዕቃ ነው ወይስ ባል?» አላት ካሊድ። ተቆጥቶ ነበር፤ የእረፍት ቀኑ አልቆበታል።

ለጥቂት ሳምንታት አልተደዋወሉም። ዋንዛ በር ላይ ማሽላው ማፍራት ጀምሮ ነበር፤ አዝመራው ሲገባ መስጂዱ ይፈርሳል። ኑርሀያት ጉርድ ፎቶ እያነሳች ትውላለች፤ ነገሩ ሳይሆን የሚቀር እየመሰላት መጣ። የእንጨቱን ብወስደው ኖሮ ብላ መጸጸትም ጀምራ ነበር። እንዲያ ባለችበት ካሊድ ራሱ ደወለ። ምግብ ሊያደርስ የሄደበት አፓርታማ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ መደርደሪያ ላይ ወናፍ ያለው ነገር አይቷል። ጠየቃቸው። ሰውየው ለሙዚየሞች የጥንት ዕቃ ሲያነሱ የኖሩ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው፤ ይሸጡታል።

ካሜራው አያምርም። ብረት ነው፤ ትንሽ፤ ቀለሙ ተፋፍቆ ጠርዝ ጠርዙ ነጥቷል። ወናፉ ግን እንደ ጨርቅ ከረጢት ለስላሳ ነው። ሌንሱ ከፍና ዝቅ የሚለው በእጅ ግፊት ሳይሆን በሚዞር ባለ ጥርስ ቁልፍ ነው፤ እጅ ሲለቀው ያለበት ይቆማል። ከኋላው ደግሞ ከእሷ ዓይነት ካሜራ ጋር የሚገጥም ማሰሪያ አለው፤ በሐዲድ ላይ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ይንሸራተታል። ሽማግሌው ራሳቸው በረንዳ ላይ አውጥተው ለካሊድ አሳዩት። ኑርሀያት በስልኩ ውስጥ ሆና ሩቁን ፎቅ አየችው። የመስኮቶቹን ብረት መቁጠር ይቻል ነበር። ንካው አለች። ካሊድ ነካው። ምንም አልሆነም። ጠንከር አድርገህ ንካው አለች።

«ወላሂ፣ ገጭቼዋለሁ» አላት። «አልተነቃነቀም።»

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው በዐረብኛ ምን ልታነሺበት ነው ብለው ጠየቋት። አንድ አሮጌ መስጂድ አለች። ፊት ለፊቱ ስንት ክንድ ቦታ እንዳለ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣበት ጠየቋት፤ እሷም መለሰች። ሲያወሩ ካሊድ የሚያደርሰው ሌላ ምግብ ቀዘቀዘበት። ለባጃጅ የተቀመጠው ለካሜራው ሆነ፤ ሰውየው ሌንሱን ጨመሩላት።

ዕቃው ወደ ሐይቅ የመጣው ለእረፍት በምትገባ የጎረቤት ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በጫማና በተምር መሃል ነው። ኑርሀያት ፎቶ ቤቱን ዘግታ አወጣችው፤ ካሜራዋን አሰረችበት፤ በሩን ከፍታ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ አነሳች። ሱቁ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግን በፎቶው ላይ ከጥግ እስከ መሃል የነጣ ጭረት ወርዶበታል፤ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ደግማ አነሳች። ያው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ይህን ያህል መርጣ፣ ወንድሟን ይህን ያህል አድክማ።

ትንሽ ቆይታ ግን ሂንድ ታደርገው የነበረ ነገር ትዝ አላት። በሩን ዘጋች፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች፤ የስልኳን መብራት አብርታ ወናፉ ውስጥ አስገባችው። በጨለማው ውስጥ ወናፉ ጥግ ላይ ትንንሽ ነጥቦች አበሩ። መንገድ ላይ ሻንጣው ውስጥ የነበረ ነገር ወግቶት መሆን አለበት። ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው።

አባቷ በሩን አንኳኩተው ገቡ። በጨለማ ምን ትሠሪያለሽ አሏት። ነጥቦቹን አሳየቻቸው። አብዱልሃሚድ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ወናፉን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኸ ቆዳ ነው እኮ» አሉ፣ እንደመገረም ብለው። «ይኸን የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። ነይ ተከተይኝ።»

ወደ ገበያው በር፣ ለዓመታት ጫማቸውን ወደሚሰፋላቸው ሰው ይዘዋት ሄዱ። ሰውየው ካሜራ ጠግኖ አያውቅም፤ ግን እንዳይደድር ስስ መሆን አለበት፣ ሲታጠፍም እንዳይለቅ ሲሉት ወዲያው ገባው። ከአሮጌ የሴት ጓንት ስስ ጥቁር ቆዳ ቆረጠ፤ በውስጥ በኩል ለጠፈው። አባቷ ማስቲሹ እስኪደርቅ አብረው ጠበቁ። ወደ ጨለማው ክፍል ተመልሰው ሲሞክሩት አንድም ነጥብ አልበራም። አብዱልሃሚድ ወደ ዋንዛ በር የምትሄድበትን ቀን ጠየቋት።

አብረው ሄዱ። በዋዜማው ደርሰው ከዘመድ ቤት አደሩ፤ ፀሐይ ፊተኛውን ግድግዳ በምትነካበት ሰዓት ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሼህ ሙዘይን አሉ፤ ከመንደሩ ሰዎችም ጥቂት። አዲሱን የሚሠራው ግንበኛ አሕመዲንም ግቢውን ሊለካ መጥቶ ነበር። ኑርሀያት መቆሚያውን ገደሉ አፋፍ ላይ ተከለች፤ በአንዱ እግሩ ላይ ድንጋይ አስደገፈች። ካሜራው ላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የምትንሳፈፈውን አረፋ እያየች ስታስተካክል አሕመዲን ቀረብ አለ።

«ውሃ ልክ አለው እንዴ?» አለ።

አለው አለችው። ካሜራው ልክ እንደ ግድግዳ ነው የሚቆመው፣ ዘንበል ካለ ሥራው ሁሉ ይበላሻል አለችው። አሕመዲን ከዚያ በኋላ ከአጠገቧ አልራቀም።

ባለ ጥርሱን ቁልፍ ስታዞር ሌንሱ ሽቅብ ወጣ። ከኋላ ባሰረችው ካሜራ ትንሽ መስታወት ላይ መጀመሪያ በሩ፣ ከዚያ መስኮቶቹ፣ ከዚያ ሚናራው ተራ በተራ ገቡ። ሼህ ሙዘይን ጎንበስ ብለው እንዲያዩ ጋበዘቻቸው። ቁራጩን በቁራጭ ስታሳያቸው ትንፋሻቸው ይሰማት ነበር።

«አሁን ቆመ» አሉ ሼሁ። 

ሥራው ረጅም ነበር። ከታች ጀምራ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንድ እርከን ወደ ላይ፣ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ። ነፋሱ ሲነሳ ትጠብቃለች። ፀሐይ ሌንሱ ላይ እንዳታርፍ አባቷ ጥላ ይዘው ቆሙ፤ እጃቸው ሲዝል ወደ ሌላኛው እጅ ያዛውሩታል እንጂ ለሰው አይሰጡም። ባዶውን መስጂድ ከጨረሰች በኋላ ሰዎቹ በሩ ፊት ተደርድረው እንዲነሱ ሼሁ ጠየቁ። እንዳትንቀሳቀሱ አለቻቸው። ሼህ ሙዘይን ግን ፎቶው ሳያልቅ በቀኝ ጫፍ ያሉ አንድ ሽማግሌ እንዲቀመጡ ሊረዱ ከግራ ጫፍ ወደዚያ ሄዱ። ቤት ተመልሳ ቁራጮቹን ስትሰፋ ሼሁ በሁለቱም ጫፍ ቆመው ተገኙ። ልታጠፋው ብላ ተወችው። ዐረብ አገር ላሉት ልጆች ሲደርስ ከፎቶዎቹ ሁሉ የተወደደው ያ ሆነ፤ ካሊድ እንዳላት ሰዎቹ እየሳቁ ያዩትና ከዚያ ከበሩ ጀምረው እንደገና ያዩታል።

ባዶውን መስጂድ ደሴ ወስዳ በትልቁ አሳተመችው። ለሼሁ እስክታደርስ ድረስ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የበሩ ቅርጽ፣ የእንጨቱ ስንጥቅ፣ በድንጋዮቹ መሃል ያደገው ሣር ሳይቀር ይታያል። አባቷ ደንበኛ ሲመጣ ወንበር እየሳቡ ያስቀምጡና ይኸን እዩልኝ ይላሉ።

አንድ ቀን ግንበኛው አሕመዲን ለገበያ ሐይቅ ወርዶ ገባ። ፎቶውን ቆሞ አየው። ከኪሱ ሜትር አወጣና በሩ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ፤ ከዚያ ከላይኛው ድንጋይ ላይ። ላይኛውም ታችኛውም በአንድ ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው፤ ካሜራው ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ስለቆመ የላዩ አላነሰም፣ የታቹም አልሰፋም። አሕመዲን ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው ይኸን ግድግዳ አፍርሼ መልሼ ልተክለው እችላለሁ» አላት።

ነገሩ ቀድሞም ተነስቶ እንደነበረ ያን ጊዜ ሰማች። የመንደሩ ሽማግሎች በሩና ፊተኛው ግድግዳ እንዲተርፍ ፈልገው ነበር። ከጎኖቹ ይልቅ እሱ ደህና ነው። ግን አዲሱ መስጂድ ያንኑ ቦታ ስለሚይዝ ባለበት ሊቀር አይችልም፤ አሕመዲንም አንዴ ድንጋዩ ከተለያየ የትኛው የት እንደነበረ ማን ያስታውሳል ብሎ ትቶት ነበር። አሁን የሚያስታውስ ተገኘ።

ዋንዛ በር ላይ ጀማዓው ተሰብስቦ መከረ። ከዐረብ አገር ያሉትም በስልክ ገቡ። አዝመራው ሲገባ መስጂዱ ፈረሰ፤ ፊተኛው ግድግዳ ግን ድንጋይ በድንጋይ ወረደ። ኑርሀያት ፎቶውን በቁርጥራጭ አሳትማ ሰጠች፤ አሕመዲን በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በኖራ ቁጥር ይጽፋል፤ ያንኑ ቁጥር ፎቶው ላይ ይጽፋል። ከአዲሱ መስጂድ ጎን ለልጆች የቁርአን ቤት ሲሠራ ያ ግድግዳ ተመልሶ ፊቱ ሆነ። የዋንዛው በር ተገጠመ። የግራው መስኮት አንዲት ጣት ያህል ከፍ ብሏል፤ አሕመዲን ይህን ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ይናገራል። ለኑርሀያት ግን ልዩነቱ ሊታያት አልቻለም።

በምረቃው ቀን ሼህ ሙዘይን ዱዓ ሲያደርጉ የእሷንም ስም ጠሩ። እሷ ከሴቶቹ መሃል ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር። በዐረብ አገር ስንት ሕንፃ ሲነሳ ካሜራ ተሸክማ አቁማለች፤ አንዱንም ተመልሳ አላየችውም። ያነሳችው ቤት በር ሲከፈትና ልጆች ሲገቡበት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉርድ ፎቶውም አልቀረ፣ ሰርጉም አልቀረ፤ ግን ሌላ ሥራም መምጣት ጀመረ። ሐይቅ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ከማደሱ በፊት ይጠራታል። በዚህ ሰሞን ደግሞ ምስጋናው የሚባል መምህር መጣ። አገሩ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሊታደስ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያሉት የጥንት ሥዕሎች አቧራና ውሃ ሳይነካቸው አንድ በአንድ እንዲነሱ ካህናቱ ተስማምተዋል። የዋንዛ በርን ግድግዳ አይቶት ነው የመጣው። ቦታው ጠባብና ጨለማ ነው፤ ሥዕሎቹም ከሰው ቁመት በላይ ናቸው አላት። ኑርሀያት ስንት ክንድ ወደ ኋላ መሄድ እንደሚቻል፣ ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀችው። ማታ ለሂንድ መልእክት ላከች፤ ለጠባብ ቦታ ስለሚሆን ሌንስ አወሩ። ካሊድም ሌንሱን ፍለጋ የሚወጣበትን የእረፍት ቀኑን ነገራት፤ ሳትለምነው ነው።

ትናንት ጠዋት መናኸሪያው ላይ አባትና ልጅን አየኋቸው፤ ቦታውን አስቀድመው ሊያዩ እየሄዱ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት የካሜራውን ሳጥን ጣሪያ ላይ ልጫነው ብሎ እጁን ዘረጋ። አብዱልሃሚድ አይሆንም አሉት፤ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡና ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ኑርሀያት መቆሚያውን በጉልበቶቿ መሃል አቁማ ከጎናቸው ተቀመጠች። ሰው እስኪሞላ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ መኪናው ተነሳ።